ፑሊው ሲዋሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በምሠራበት ጋራዥ የ1987 ቮልቮ 240 መጣልን። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ወስዶ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቡተር አስወጥቶታል። በምትኩ ያለ ዲስትሪቡተር የሚሠራ ኢግኒሽን ተገጥሞለታል። መጀመሪያ መኪናው እንደ አዲስ ነበር አለን። እያደር ግን ጉልበት አጣ። ዳገት ላይ ይለግማል፣ ከወትሮው በላይ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይጠጣል።

እንዲህ ባለው የድሮ ኢንጀክሽን ሞተር ላይ የዲስትሪቡተር ሥራ እሳት ማከፋፈል ብቻ አይደለም። የዚህ ቮልቮ ዲስትሪቡተር ውስጥ ሴንሰር አለ። ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኢግኒሽኑ የሚነግረው እሱ ነው። ኢንጀክሽኑም የሞተሩን ፍጥነት የሚያውቀው ከኢግኒሽኑ ነው። ስለዚህ አውጥቶ መጣል ብቻውን አይሆንም። ክራንኩን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ፣ የሚያይ ሌላ ዓይን መተካት አለበት።

እዚህ መኪና ላይ የተገጠመው ከ90ዎቹ መጀመሪያ ፎርድ ኤስኮርት የተፈታ ኢዲስ የሚባል ሞጁል ነው። ለዚህ ሥራ በጣም የምወደው ዕቃ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ ነው። የ36 ጥርስ ቦታ ያለው ቀለበት ከክራንኩ ጋር ይዞራል። አንዱ ጥርስ ሆን ተብሎ ጎድሏል። አንደኛው ፒስተን ጫፍ ሊደርስ 90 ዲግሪ ሲቀረው ጎደሎው ቦታ በሴንሰሩ ፊት ያልፋል፤ ሞጁሉ ቀሪውን ከዚያ ይቆጥራል። ኮይሎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ለ1 እና ለ4፣ ሌላው ለ2 እና ለ3 ካንዴላ እሳት ይሰጣል። ጥንዶቹ እሳት የሚያገኙት በአንድ ጊዜ ነው። አንዱ ሲጨምቅ ሌላው ጭስ እያስወጣ ስለሆነ የሁለተኛው እሳት ጉዳት የለውም። እሳቱ ምን ያህል እንደሚቀድም የሚወስነው ሜጋስኩዊርት የሚባለው ኮምፒውተር ነው፤ ቤንዚኑንም የሚመጥነው እሱ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ኮምፒውተሩን ጠረጠረ። ደግነቱ ኢዲስ ይህን የምንለይበት መንገድ አለው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን የትእዛዝ ሽቦ ስትነቅልበት እሳቱ በራሱ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ላይ ይቆማል። ነቅዬ ታይሚንግ ላይት፣ ማለትም እሳቱ በመጣ ቁጥር ብልጭ እያለ የታይሚንግ ምልክቱን የሚያሳይ መብራት፣ አበራሁበት። ምልክቱ ልክ 10 ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ላይቱ 10 ይላል» አልኳቸው። ጋሼ የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። አዲስ አበባም እዚህም ዕድሜያቸውን በሞተር ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው።

«ምልክቱ የት ነው ያለው?»

«ፑሊው ላይ።»

«ጥርሱስ?»

«እሱም ፑሊው ላይ።»

«ታዲያ ፑሊው ራሱ ቢዋሽ ማን ይመሰክርበታል ልጄ? በል አንደኛውን ካንዴላ ፍታው።»

የዚህ ሞተር ፑሊ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። መሀሉ ክራንኩ ላይ ይታሰራል፣ ውጪው ቀለበት ቺንጋዎቹን ይይዛል። ሁለቱን የሚያያይዛቸው ንዝረት የሚውጥ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ቺንጋዎቹ ውጪውን ቀለበት ወደ ኋላ ይስቡታል። ዲስትሪቡተሩ በነበረበት ጊዜ ይህ ቢሆን የሚዛባው ምልክቱ ብቻ ነበር፤ እሳቱ የሚታዘዘው ከውስጥ ነውና። አሁን ግን ጥርሳሙ ቀለበት የታሰረው እዚያው ውጪው ላይ ነው። ቀለበቱ ሲንሸራተት እሳቱም አብሮ ይዘገያል። ምልክቱና ጥርሱ አብረው ስለሚሄዱ ላይቱ ምንጊዜም «ልክ ነው» ይላል።

ጋሼ ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ፒስተን የሚያቆም ብሎን አስገቡ። ክራንኩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ ቀስ ብለን ወደ አንድ ጎን አዞርነው፤ ሲቆም ምልክት አደረግን። ወደ ሌላው ጎን አዞርነው፤ እዚያም ምልክት። እውነተኛው ጫፍ የሁለቱ እኩሌታ ነው። ከፋብሪካው ምልክት ጋር ሲተያይ ከአንድ ጥርስ በላይ ልዩነት ወጣ። አንድ ጥርስ ማለት 10 ዲግሪ ነው። ላይቱ 10 ሲል እሳቱ የሚመጣው ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነበር።

ጋሼ በዚህም አልረኩም። ከመሀሉ ብረት ጀምረው ላስቲኩን ተሻግረው እስከ ውጪው ቀለበት ድረስ በነጭ ቀለም ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። መኪናውን ዳገት አስወጥቼ መለስኩት። ኮፈኑን ስንከፍተው መስመሩ ላስቲኩ ላይ ተቆርጧል። የውጪው ግማሽ ጣት በሚያህል ወደ ኋላ ቀርቷል።

አዲስ ፑሊ ገዛን። ጥርሳሙን ቀለበት ግን እንደ በፊቱ ውጪው ላይ አልመለስነውም፤ ማቀፊያ አሠርተን ከመሀሉ ብረት ጋር አሰርነው። በሴንሰሩና በጥርሱ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተውን። የሴንሰሩን ሽቦ ከካንዴላ ገመዶቹ አራቅነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ቁጥር አንዱንም አልነካንም። መኪናው ያንኑ ዳገት ሳይለግም ወጣው።

ቀድሞ የሠሩትን ሰዎች ለመውቀስ አልፈልግም። ሽቦው ንጹሕ ነው፣ ጎደሎው ጥርስም በጊዜው በትክክለኛው ቦታ እንደነበር አያጠራጥርም። የቀረው ነገር ያን ያረጀ ላስቲክ አለማየት ነው።

አሁን እንዲህ ያለ ቅያሬ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ዋጋ ከመናገራችን በፊት ፑሊውን በባትሪ መብራት እናየዋለን። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ አዲስ ፑሊ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ደንበኛው እሱ ይቅርብኝ ካለ ዲስትሪቡተሩን አንነካውም።