ኬክ በልቶ የፈነዳው ሰውዬ

ትናንት ማታ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ተሰብስበን በፈረንጆቹ 2017 የወጣውን ጁማንጂ አየን። ፊልሙ ደስ ይላል፤ ከፊልሙ በኋላ የተነሳው ክርክር ግን ይብሳል!

አራት ተማሪዎች ቪዲዮ ጌም ውስጥ ይገቡና ሌላ ሰው ሆነው ቁጭ ይላሉ። ፈሪው ልጅ የተዋናዩን የዘ ሮክን ጡንቻ ያገኛል። ከስልኳ የማትለየው ቆንጆ ደግሞ ጃክ ብላክን ትሆናለች፤ ጢማም፣ ቦርጫም ጎልማሳ። አክስቴ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። በእኔ ቤት ፊልሙን የተሸከመው ጃክ ብላክ ነው። ሌላዋን ተዋናይት ካረን ጊላንን ወንድ ማማለል ሲያስተምራት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የምር ኮረዳ ነው የሚመስለው።

የአክስቴ ልጅ ጌም ነፍሱ ነው፤ እሱ ግን አልተዋጠለትም። "እያንዳንዳቸው ሦስት ነፍስ አላቸው፤ ማን ይሰጋላቸዋል?" አለ። እኔ አልተስማማሁም። ክንዳቸው ላይ ያለው ምልክት አንድ ብቻ ሲቀር እኮ ጨዋታው ይለወጣል። ደግሞ ኬቨን ሃርት ኬክ በልቶ ሲፈነዳ ከሁላችን በላይ የሳቀው ራሱ የአክስቴ ልጅ ነው።

"የጾም ኬክ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር" አለች አክስቴ።

ታላቅ ወንድሜ የሮቢን ዊልያምስን የ1995ቱን ካላየን ብሎ ድርቅ አለ። ያኛው የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ አውሬው ወደ ቤት ይመጣል፣ ያስፈራል። እዚህ ላይ እውነቱን ነው። የአዲሱ ክፉ ሰው ሲበዛ ልፍስፍስ ነው፤ በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

የ2019ኙን ቀጣይ ክፍል ያያችሁ እስቲ ንገሩን፣ ይታያል ወይስ ይለፈን?