ደሴ ላይ ንፍሮ ሲጣድ

ጉሙ ዛሬም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ቀን ለሥራ አይመችም፤ ምድጃ ሥር ተኮራምቶ መዋል ነው። የተቀመጥኩት ይሄ ሰሞኑን የሚጫጫነኝ ነገር ምን እንደሆነ ልጽፍ ነበር። ድስቱ ግን አላስጽፍ አለኝ። ይንተከተካል፣ ክዳኑን ያንጋጋል፣ ባቄላው ግን ልቡ ጥሬ ነው።

የኮምቦልቻዋ ወዳጄ ብታይ ትስቅ ነበር። «እናንተ ደሴዎች ንፍሮ ስትጥዱ ክረምቱ ያልቃል» ትላለች ሁሌም፤ የምታማው ባቄላችንን ነው። ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። ውኃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን አየር መግፋት ሲችል ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነው አየር ይሳሳል። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ፣ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃችን 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ዝቅ ብላ ያለችው የኮምቦልቻ ግን 94 ይደርሳል። በመሐል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውረድ ሁለት ዲግሪ ያስገኛል ማለት ነው።

ሁለት ዲግሪ ምን አላት? ለሥጋ ብዙም የላትም። የጠንካራ ሥጋ ጅማት ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ታግሶ ለጠበቀው 92 ይበቃዋል። ጥራጥሬ ግን ሌላ ነው። የባቄላን ሥጋ አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚላላው ሙቀቱ ወደ መቶ ሲጠጋ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ሲል ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ደሴ ላይ የግድ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ማንኛውም ኮምጣጣ ነገር ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ ኮምጣጣ ፔክቲኑን ያጠነክረዋል። ቤኪንግ ሶዳ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ለአንድ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ብዙ ወር የተቀመጠ ባቄላ ደግሞ ይጠነክርና ቢቀቀል ቢቀቀል አይላላም። ይህን ለኮምቦልቻዋ ማስታወስ ይገባል፤ ሁለት ዲግሪ ብታተርፍ በጎተራዋ ሙቀት ትመልሰዋለች።

እሳት መጨመሩስ? የከሰል ዋጋ ላላሳሰበው ይጨምር። አንዴ ከፈላ በኋላ ውኃው 92 ላይ ይቆማል፣ ትርፉ ሙቀት እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውኃን ጨርሶ ማትነን፣ ያው ሊትር ከቀዝቃዛው እስኪፈላ የሚፈጀውን ሙቀት ሰባት እጥፍ ይጠይቃል። ድስቱ ሲጮህ ባቄላው የፈጠነ ይመስላል እንጂ የሚፈጥነው ከሰሉ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሶ፣ ከድኖ፣ እምብዛም ሳይንፈቀፈቅ መተው ነው።

ድንቹም የራሱ ሕግ አለው። ሙቀት ከላይ ወደ መሐል የሚገባው እየተሳበ ነው፣ ጊዜውም በውፍረቱ ካሬ ይሰላል፤ እጥፍ የወፈረ ድንች እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይቆያል። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ አንድ ድስት ውስጥ ከገባ፣ ትንሹ ሲፈርስ ትልቁ መሐሉ ነጭና ደረቅ ሆኖ ይገኛል። እኩል አድርጎ መክተፍ ቆንጆ ለመምሰል ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ውኃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከዚያችው 92 እምብዛም አያልፍም፣ ስለዚህ አያርም። ውኃው ሲያልቅ ድምፁ ይለወጣል፤ ሲንፈቀፈቅ የነበረው መንጣጣት ይጀምራል። ያኔ ዘይቱና ሽንኩርቱ ከመቶ ተሻግረው ይወጣሉ፣ ሽታው ይጣፍጣል፣ ጥቂት ቢዘገዩ ደግሞ በርበሬው ይመራል። እናቶቻችን በዚያች ቅጽበት ውኃ ጠብ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ሙቀቱን ወደ 92 መልሶ ይጥለዋል። ቴርሞሜትር ያልነካ እጅ ዲግሪውን በጆሮ ይቆጣጠራል። እንጀራ ምጣድ ላይ ግን ከፍታው ብዙም አያስጨንቅም፤ ምጣዱ ከውኃ መፍያ በጣም አልፎ ስለሚግል፣ ሊጡም ስስ ስለሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል።

መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። የተዘፈዘፈውን ጥራጥሬ 20 ደቂቃ አፍልቶ፣ ድስቱን እንደተከደነ በጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሰዓታት መተው። ሙቀቱ መውጫ ካጣ ያበስላል። ቀይ ቦሎቄ ግን ተጠንቀቁለት። ጥሬው ሆድ የሚያገለብጥ መርዝ አለው፤ ለዘብ ባለ ሙቀት ብቻ ከቆየ መርዙ አይጠፋም፣ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። እሱን ዘፍዝፈው ያደረበትን ውኃ ደፍተው፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በደንብ እየፈላ ካቆዩ በኋላ ነው ብርድ ልብሱ።

ፕሬሸር ኩከር ያለው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይድናል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 120 የሚደርሰው እዚህ 116 ገደማ ይሆናል። መመሪያው 30 ደቂቃ ካለ 40 አድርጉት።

እትዬ ዘ. ግን ፕሬሸር አያምኑም፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። «ይበረታል» ይላሉ። ሁለት ኪሎ ድንጋይ 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ድስት ላይ የሚጨምረው ሙቀት የዲግሪ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ጥቅሙ እንፋሎት መቆጠቡ ነው። የባሕር ጠረፉን 100 ዲግሪ ለማግኘት ክዳኑ ገጥሞ፣ ላዩ 120 ኪሎ መጫን አለበት። ሁለት ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። (በገመድ ማሰር የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ማስተንፈሻ የሌለው ክዳን ቦምብ ነው።)

እና አሁን፣ ስለ ስሜቴ ልጽፍ የተቀመጥኩት ሰው፣ ድስት ላይ የሚቀመጡ ሁለት ጎልማሶች እየመረጥኩ ነው። አንደኛው እኔ እንደምሆን ክብደቴ ይመሰክራል። ሁለተኛውን ግን ማንን ልበል?