4,444 ደረጃ በፍልሰታ

ስታቫንገር የኖርዌይ የነዳጅ ከተማ ናት። ዋጋዋም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያውን ማኪያቶ ጠጥቼ ሒሳቡን ወደ ዩሮ ስመነዝር የአክስቴ ልጅ «አትመንዝር፣ ትታመማለህ» አለችኝ። እሷ እዚያ መኖር ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ «ና፣ ተራራ ላሳይህ» ትለኛለች፤ እኔ ከሽቱትጋርት ሆኜ ሰበብ እደረድራለሁ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሰበብ አለቀብኝ።

የዕረፍት ፈቃዴ ከፍልሰታ ጋር ገጠመ። እኔ ፍልሰታን የጾምኳት ልጅ ሆኜ ነው። እሷ ግን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አትቀምስም። «እና ተራራው እንዴት ሊሆን ነው?» ብላት «ተራራው ጾሜን ምን አገባው?» አለችና ቦርሳዋን ቆሎና ዳቦ ቆሎ መሙላት ጀመረች።

የጉዟችን ዙሪያ በሙሉ ሊሰፊዮርድ የሚባለው ፊዮርድ ነበር። በበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር ቦርቡሮት፣ በኋላ ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው። ርዝመቱ ከ40 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ውሃው ጠባብና ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ወንዝ እንጂ ባሕር አይመስልም።

መጀመሪያ የሄድነው ሁሉም ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው። ፕረይከስቶለን ይባላል። ከፊዮርዱ በላይ 604 ሜትር ላይ ያለ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አለት ነው። ድሮ ከስታቫንገር የሚነሳ ሰው በመኪና ጀልባ መሻገር ነበረበት። ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ግን ከባሕሩ ሥር በተቆፈረ ዋሻ ይታለፋል። ዋሻው ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ጠለል በታች 290 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ጆሮዬ ተደፈነ። እሷ እየነዳች ስለ ሥራ ባልደረቦቿ ታወራልኛለች፤ እኔ ከላያችን ስላለው ውሃ አስባለሁ።

ተራራው ራሱ በነጻ ነው። ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ፣ የመሬቱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ ባልታረሰ ቦታ ላይ ሰው እንደ ልቡ ይሄዳል። ከቤት ራቅ ብሎ ድንኳን መትከልም ይችላል። መኪናህን ካቆምክ ግን ትከፍላለህ። «ሰው በነጻ፣ መኪና በክፍያ» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ይህን ቀልድ ከእያንዳንዱ እንግዳዋ እንደሰማችው ከፊቷ ያስታውቃል።

መንገዱ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙ ቦታ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ተደርድሮ ደረጃ ሆኗል። የሠሩት ከኔፓል የመጡ ሸርፓዎች ናቸው። ያንን ሥራ ሳየው ኮፍያዬን አነሳሁላቸው። የቀረው መንገድ ወረፋ ነው። በዓመት ከ300 ሺህ ሰው በላይ የሚወጣው ተራራ ነው፤ የዓመቱ ግማሽ እዚያ ቀን የመጣ መሰለኝ። አንዱ በስልኩ ሙዚቃ ከፍቷል። አንዷ በነጠላ ጫማ ነው የመጣችው።

አናቱ ላይ አጥር የለም። ገመድ የለም። «ወደ ኋላ!» የሚል ዘበኛም የለም። ሰው እግሩን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ ሳንድዊች ይበላል። ሰሜን ተራሮች የሄድኩ ጊዜ ደባርቅ ላይ ከፍዬ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦልኝ ነበር። ገደል ጠጋ ባልኩ ቁጥር ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ይስበኛል። ያኔ «ልጅ መሰልኩት እንዴ?» ብዬ ተናድጄበታለሁ። ፕረይከስቶለን ላይ ያ ሰውዬ ናፈቀኝ። ከጫፉ ሦስት ሜትር ራቅ ብዬ በደረቴ ተኝቼ አየሁ። የሚያፍር ይፈር። ብዙም ሳንቆይ ወረድን።

ልቤ የቀረው ፍሎርሊ ነው። ፍሎርሊ የመኪና መንገድ የላትም። በጀልባ ብቻ ነው የሚደረሰው። መኪናችንን ላውቪክ አቁመን ጠዋት በጀልባ ገባን። ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ያረጀ የኃይል ማመንጫ ሕንጻ፣ ከኋላው ደግሞ ተራራውን ቀጥ ብለው የሚወጡ የብረት ቱቦዎች። ከላይ ካለው ሐይቅ ውሃ የሚወርደው በነሱ ነበር። ሠራተኞች ቱቦውን ለመጠገን የሚወጡበት የእንጨት ደረጃ ከጎኑ ተሠራ። ማመንጫው ሥራ ሲያቆም ደረጃው ቀረ። 4,444 ደረጃ ነው። 740 ሜትር ያወጣል። በዓለም ረጅሙ የእንጨት ደረጃ ይባላል።

ደረጃው ለመውጫ ብቻ ነው፤ መውረጃው በሌላ መንገድ ነው። ይህ ደግ ሕግ ይመስላል። ነገሩ የሚገባህ መሐል ላይ ደርሰህ መመለስ ሲያምርህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት መቶ እየቆጠርኩ ወጣሁ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ፤ አልፎ አልፎ እንጨቱ ላይ ቁጥር አለ፣ እሱ ይበቃል። ሁለት ሴቶች፣ ሰባ ዓመት የሚሞላቸው የሚመስሉ፣ እያወሩ መጥተው እያወሩ አለፉን። የሚያወሩበት ትንፋሽ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እኔ «ሰላም» ለማለት እንኳ አልቻልኩም።

ሁለት ሺህ ምናምንኛው ደረጃ ላይ የአክስቴ ልጅ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቋል። ሰዓቷን አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ነው።

«ውሃ ጠጪ። እግዚአብሔር ያያል» አልኳት።

«ስለሚያይ እኮ ነው» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ጠርሙሴን ከፍቼ ልጠጣ አስቤ አፈርኩና መልሼ ከተትኩት። እንደዚያ ሆነን፣ ሁለታችንም ውሃ ይዘን ሁለታችንም ሳንጠጣ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ወጣን። እሷ በሃይማኖት፣ እኔ በይሉኝታ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሞላ እዚያው ደረጃው ላይ አማትባ ጠጣች። እንደዚያ ውሃ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን አናት ላይ ከሚወርደው ምንጭ ሞላነው። እዚያ አገር ተራራ ላይ የሚወርድ ውሃ እንዳለ ይጠጣል።

ላይ ስንደርስ ሁለቱ አሮጊቶች ተቀምጠው እየበሉ ነበር። ቆሎ ዘረጋንላቸው። አንደኛዋ አንድ ፍሬ አንስታ በጥርሷ ሞከረችው፤ ቀጥሎ እፍኝ ወሰደች። በምላሹ ክቪክ ሉንሽ ሰጡን። ኖርዌጂያኖች ተራራ ሲሄዱ ከቦርሳቸው የማይለዩት ቸኮሌት ነው። ወተት ስላለበት የእሷም ድርሻ ለእኔ ሆነ። ፍልሰታን የዚያን ቀን ወደድኳት።

በዚህ ቸኮሌት መጠቅለያ ውስጥ በኩል የተራራ ደንብ ታትሟል። በ1967 እ.ኤ.አ. የፋሲካ ሰሞን ብዙ ሰው ተራራ ላይ ካለቀ ወዲህ በየቦታው የሚሰበክ ደንብ ነው። አሁን ዘጠኝ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ስምንተኛውን ታውቀዋለች፤ ሥራ ቦታም ይጠቅሱታል አለች፦ በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ አያሳፍርም።

ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር። ጉልበቴ በየእርምጃው ይንቀጠቀጣል። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ከዚያ አንድ ሁለት ቀን አርፈን ሼራግ ወደሚባለው ተራራ ተነሳን። ከስታቫንገር በሲርዳል በኩል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል። አስፋልቱ ላይ በጎች ተኝተዋል። ጥሩምባ ቢነፋባቸው ቀና ብለው ያዩህና መልሰው ይተኛሉ። መነሻው ጋ ስንደርስ ዝናብ ጀመረ። ሼራግ ግራናይት ነው፤ ገላጣ፣ ለስላሳ፣ ሲረጥብ ደግሞ ሳሙና። ሦስት ዳገት አለው፤ ቀጥ ያለው ቦታ ላይ አለቱ ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር የታሰረ ሰንሰለት ይዘህ ትወጣለህ። ሰንሰለቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። እጄን ብብቴ ውስጥ እየከተትኩ ስወጣ፣ የሚወርድ አንድ ሰውዬ ቆመ። ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ። «እንዴት ልመልስልህ?» ስለው ትከሻውን ነቅንቆ ወረደ። ስምም አልተለዋወጥን።

ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ጉም መጣ። የአክስቴ ልጅ ከፊቴ አምስት እርምጃ ላይ ሆና አትታየኝም። «ስምንተኛው!» ብላ ጮኸች። ተመለስን። ከኛ ጋር የተመለሱትም አብዛኞቹ የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ሲያማርሩ አልሰማሁም። እኔ ግን ስለ መኪና ማቆሚያው ክፍያ አማረርኩ። በማግስቱም ዳግም እንደምንከፍል ታውቆኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሊሰቦትን ወረድን። ሊሰቦትን የፊዮርዱ መጨረሻ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። መንገዱ 27 ጥምዝ አለው፤ አንዱ ጥምዝ ዋሻ ውስጥ ነው። መኪናዋ የኤሌክትሪክ ስለሆነች ቁልቁለቱን ስንወርድ ባትሪው እየሞላ ሄደ። ያንን ቀን ያተረፍነው እሱን ብቻ ነው።

ሌሊቱን አልረሳውም። ያገኘነው ተደራራቢ አልጋ ያለበት ክፍል ነው። የአልጋው ዋጋ ከኪሴ ጋር የሚሆን መሰለኝ። ከዚያ አንሶላ ለብቻ፣ 150 ክሮነር። ፎጣ ለብቻ። ጠዋት ወለሉን ካላጸዳህ ደግሞ የጽዳት። «ትራሱስ?» አልኩ። ትራሱ በነጻ ነው አሉኝ፤ ቀልድ አልመሰላቸውም። ከበላዬ የተኛው ሰው ከአራት ሰዓት ጀምሮ አንኮራፋ። ያንኮራፋል፣ ያቆማል፣ ሞተ ብዬ ስደነግጥ እንደገና ይጀምራል። ንጋት ላይ ተነስቶ «ጥሩ እንቅልፍ ተኛህ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ወለሉን የጠረግነው እኔና እሱ ነን።

ሰማዩ ግን ጠርቷል። አለቱ ደርቋል። የትናንቱን ሰንሰለት በስጦታው ጓንት እንደ ቀልድ ወጣነው። አናቱ ሰፊ ገላጣ ሜዳ ነው። ከገደሉ በኩል በየመሐሉ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ፓራሹት ይዘው የሚዘሉ ሰዎች ናቸው። ገደሉ ወደ 1,000 ሜትር ነው፣ እዚያ መዝለል ደግሞ ይፈቀዳል።

ሼራግቦልተን የሚባለው ድንጋይ በሁለት ግድግዳ መካከል ባለ ስንጥቅ ላይ ተሰንቅሮ የቀረ ነው። ከሥሩ ፊዮርዱ ድረስ 984 ሜትር አየር ነው። ሰው ተሰልፎ ተራ በተራ እየወጣ ፎቶ ይነሳበታል። ወረፋው አንድ ሰዓት ፈጀ። ተራችን ሲደርስ እኔ ስልኩን ተቀብዬ ቀረሁ። ስምንተኛው ደንብ ለምን ተጻፈ? እሷ ግን ጫማዋን አጥብቃ፣ አማትባ፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። እጇንም ዘረጋች። ፎቶውን ያነሳሁት ዓይኔን ግማሽ ጨፍኜ ነው፤ ደግነቱ አልደበዘዘም።

ማታ ስታቫንገር ገብተን ሽሮ እየበላን ፎቶውን ለአክስቴ ላከችላቸው። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኩ ጮኸ።

«ምንድን ነው የቆምሽበት?»

«ድንጋይ ነው፣ እማዬ።»

«ሥሩስ? ሥሩ የታለ?»

«የለውም።»

ትንሽ ዝም አሉ። «እሱን አቅርቢልኝ» አሉ። ስልኩን ተቀበልኩ።

«አንተ ወንድም አይደለህ? ዝም ብለህ ታያታለህ?»

«ፎቶ እያነሳሁ ነበር፣ አክስቴ።»

«በፍልሰታ!» አሉና ዘጉት።