ምቹ አልጋ እንቅልፍ አይሆንም

ጎንደር ያሉ ጓደኞቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «መብራት አይጠፋ፣ ጎረቤት አይረብሽ፤ አሜሪካ ተቀምጠህ እንዴት እንቅልፍ ይነሳሃል?» ፒያሳ ቡና ይዞ ለሚጠይቀኝ ሰው ዋሽንግተን መጋዘን ውስጥ ሌሊት መሥራት ምን እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነው።

ጠዋት ከሥራ ስወጣ ፀሐይ ትቀበለኛለች። ሰውነት ብርሃን ካየ ነግቷል ብሎ ይነቃል። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን የሚመነጨው በጨለማ ነው። ስለዚህ አጥንቴ ድረስ ደክሞኝ እገላበጣለሁ።

አንድ ሌሊት፣ በሁዳዴ፣ ከድካም ብዛት ስንገዳገድ አለቃዬ አየኝ። ሰክሯል ብሎ ባልደረቦቼ ፊት አቆመኝና ትንፋሼን በመሣሪያ አስለካኝ። በዚያ ጾም መጠጥ በአፌ አልዞረም! መሣሪያው ዜሮ አለ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ተከብሬ ካደግሁበት ቤት ወጥቼ በሰው ፊት እንደ ሰካራም መቆሜ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ዓይን ነው፤ ጠበል ግባ» አለችኝ። እዚህ ያሉት ደግሞ የዝናብ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ግዛ አሉኝ። ክረምት በቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ እየሰማሁ ላደግሁት፣ ዝናብ በገንዘብ!

ሐኪሟ ዘንድ የሄድኩት ኪኒን ፍለጋ ነበር። በሳምንት 3 ሌሊት፣ ለ3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል አለችኝ። መጀመሪያ የሚሰጠው ሕክምና ኪኒን ሳይሆን ልማድንና ሐሳብን ማስተካከል ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2016 እ.ኤ.አ. የመከረው ይህንኑ ነው። ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፦ ሰዓት ሳታይ፣ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ተነሳ፤ ሲያሸልብህ ተመለስ። በተወሰነ ሰዓት ተነሳ። አልጋ ላይ ስልክ አትነካካ። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ቡና ነው፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ደማችን ውስጥ አለ። ከመተኛት በፊት በረካ መጠጣት ቀረ። ቀስ እያለ እንቅልፌ ተመለሰ።

ለመምጣት የምታስቡ፣ የሌሊት ሥራ ክፍያው ትንሽ ስለበለጠ ብቻ አትፈርሙ። ከፈረማችሁም ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ግዙ። ሐኪም ሳታነጋግሩ የጓደኛ ማስተኛ ኪኒን መዋጥ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ አንዳንዱ ሱስ ያስይዛል።

ጎንደር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ እናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሥራ ወጥታችሁ ስትደውሉ እኔ ገና ጋደም ማለቴ ነው። እባካችሁ የድምፅ መልእክት ተዉልኝ፤ ስነቃ እደውላለሁ።