ለአዲሱ ኮምፒውተሬ ራም ገዛሁ፣ ማስገቢያው ግን የለም

የምተዳደረው የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። አሮጌው የቤቴ ኮምፒውተር ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። አዲስ ግድ ሆነ። ገና መውጣቱ የነበረ አንድ ኦል ኢን ዋን፣ ማለትም ስክሪኑና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ፣ ዓይኔን ሳበው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ሶኬቱን ብቻ ቀየርኩ። ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዘው ዩፒኤስ ገዛሁለት። እስከዚህ ሰላም ነው።

ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ 8 ጊጋ ብቻ መሆኑን ሳልገዛው አውቅ ነበር። ግን አልተጨነቅኩም። ጓደኛዬ የዚሁን ኮምፒውተር የቀድሞ ሞዴል ይጠቀማል፤ ያኛው ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። አዲሱ ከአሮጌው ያንሳል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ለብቻው አብሮ አስመጣሁ።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። የኋላ ሽፋኑ ብሎን የለውም፤ ዙሪያውን በፕላስቲክ መንጠቆ ነው የተያያዘው። ልጁ ቀስ እያለ ሲከፍተው እንኳን አንዱ መንጠቆ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ቆየ። «ወንድሜ፣ ማስገቢያ የለውም። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል» አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው።

ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? የተበየደው ራም ኤልፒዲዲአር የሚባለው ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ለስልክና ለቀጭን ላፕቶፕ የተሠራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለሚውል የጠረጴዛ ኮምፒውተር ምን ይፈይዳል? ግራፊክሱም ለብቻው ሜሞሪ ስለሌለው ከዚያችው 8 ጊጋ ላይ ይቆርሳል። ለአምራቹ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻ የመጣልኝ መልስ «ለዕለታዊ የቤት አገልግሎት በቂ ነው» የሚል ነው። ቤቴ ውስጥ የምሠራውን እነሱ ናቸው የሚነግሩኝ?

በራሴም ተቃጥያለሁ። የዕቃው መግለጫ ላይ ኤልፒዲዲአር ተብሎ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ፤ ትርጉሙን አልጠየቅኩም። እናንተ ይህን ቃል ካያችሁ «ተበይዷል፣ አይጨመርም» ብላችሁ ተነሱ። ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በሉ። ፎርም ፋክተር በሚለው ፊት ለፊት «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ተዉት። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም ይበቃል ይላል። በ4 ጊጋ ይነሳል፣ ሥራ ግን አይሠራም። ቪዲዮ ለሚነካ ሰው ከ16 በታች አትግዙ፤ የማይጨመር ከሆነ 32 ፈልጉ። አዲስ ሞዴል በወጣ ሰሞንም አትቸኩሉ። ሌሎች ከፍተው ውስጡን እስኪያሳዩ ጠብቁ። እኔ ዛሬ ብገዛ የጓደኛዬን አሮጌ ሞዴል ነበር የምገዛው።

አሁን ሬንደር፣ ማለትም ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል መቀየሩን፣ ማታ አስነስቼ እተኛለሁ፤ አንዳንዴ ጠዋት ስነሳ መሀል ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ያ 16 ጊጋ ራም አሮጌው ኮምፒውተር ላይም አይገጥምም፣ ትውልዱ ሌላ ነው። እስከነ እሽጉ መሳቢያ ውስጥ አለ።