እርዱ ውኃው ውስጥ ሳይሆን ዓሣው ሆድ እንዲገባ

ሰላም ወዳጆች። በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ ግቢዎች በሮቶ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ለምታረቡ ሁሉ ደስ የሚል ወሬ አለኝ፦ ዓሣው የፀረ ተባይ መርዝን ጉዳት እንዲቋቋም ብለን እርድና ነጭ ሽንኩርት የምናስገባበት መኖ አሁን ውኃ ውስጥ ሳይፈርስ ይቆያል። ገንዳ ማዘጋጀትን፣ የቧንቧ ውኃን ክሎሪን ማስወጣትንና ጫጩት መምረጥን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልመለስበትም።

መሀል ከተማ ፀረ ተባይ ከየት ይመጣል ለሚል፣ አንደኛው ምንጭ ለበረሮና ለትኋን የሚነፋው ፍሊት ነው። አብዛኛው ፓይሪትሮይድ የሚባል የነፍሳት መርዝ አለበት። የዓሣ ሰውነት ፓይሪትሮይድን እንደ ሰው ቶሎ ሰባብሮ ስለማያስወግድ እኛን የማይጎዳን መጠን ዓሣን ይገድላል። ሁለተኛው እህልና ፉርሽካ እንዳይነቅዝ የሚነሰነሰው የማላታይን ዱቄት ነው፤ ይኼ በመኖው በኩል ይገባል። የወንዝ ውኃማ ምን እንደተደፋበት ስለማይታወቅ ለገንዳ አይሆንም። በዚያ ላይ ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስንጥቡ በመርዝ የተጎዳ ዓሣ እዚህ ቶሎ ይታፈናል።

እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ማርከሻ አይደሉም። መርዙ እንዳይገባም አያግዱም። የሚያግዙት ጉበቱን ነው፤ ፀረ ተባይ በሰውነት ውስጥ የሚያስነሳውን የኦክስጅን ጉዳት የሚከላከሉት የዓሣው የራሱ ኢንዛይሞች እንዲበረቱ ያደርጋሉ። ግብፅ ውስጥ በቆሮሶ ላይ በተሠሩ ብዙ ሙከራዎች ጥቅማቸው የታየውም ለሳምንታት በተከታታይ ሲበሉ ነው።

ትልቁ ችግር ማያያዣው ነበር። እርድን ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ላይ ነስንሶ መስጠት ከንቱ ልፋት ነው። ፉርሽካው ውኃ ሲነካ ይላላል፣ ዱቄቱ ተለይቶ ይወጣል፣ ዓሣው ፉርሽካውን ለቅሞ ይሄዳል። ለመፈተን አንድ ፍሬ መኖ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉና ሰዓት ያዙ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከፍሬው ዙሪያ ቢጫ ነገር እንደ ጭስ ከተነሳ ወይም ጠርዙ ከተበጣጠሰ አልተያያዘም ማለት ነው።

ብዙ ሰው ጥሬ የስንዴ ዱቄት ይጨምራል። ጥሬ ዱቄት አያያይዝም፤ መብሰል አለበት። ለ1 ኪሎ ደረቅ መኖ 100 ግራም ዱቄት በ300 ሚሊ ሊትር ውኃ እስኪወፍር ታበስላላችሁ። በጎን 20 ግራም የአብሽ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይደር። ጠዋት ከላይ የጠለለውን መራራ ውኃ ደፍታችሁ ከሥር የቀረውን ዝልግልግ አረፋ እስኪያወጣ ምቱት። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው መኖው የሚጠነክረው። አብሹን ግን አታብዙት፤ ሳፖኒን ስላለው ሲበዛ የዓሣውን ዕድገት ይይዛል።

እርዱ በውኃ ስለማይሟሟ ከ5 እስከ 10 ግራም የሚሆነውን በ20 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ የኑግ ዘይት አሽታችሁ ከደረቁ መኖ ጋር አዋህዱ። የተፈጨ እርድ አትግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ከመርካቶ ደረቁን ሥር ገዝቶ ማስፈጨት ይሻላል። ነጭ ሽንኩርት 40 ግራም ያህል ውቀጡና 10 ደቂቃ አቆዩት፤ የሚፈለገው አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር የሚፈጠረው ከተወቀጠ በኋላ ነው። ሙቀት ስለሚያጠፋው ማያያዣው እጅ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ይግባ። ከዚያ ሁሉንም በ3 ሚሊ ሜትር የሥጋ መፍጫ አውጡት። ሰፌድ ላይ አሳስታችሁ በጥላ አድርቁ፤ ፀሐይ እርዱን ያበላሸዋል። ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል። ብርሃን በማያስገባ ዕቃ አስቀምጡና በአንድ ወር ውስጥ ጨርሱት።

የምታበሉት እኩለ ቀን ገደማ፣ ውኃው 20 ዲግሪ ሲያልፍ ይሁን። በማለዳ ብርድ ቆሮሶ አይበላም፤ የቱንም ያህል የተያያዘ መኖ ተኝቶ ከዋለ ይለቃል።

ሽፈራውን (ሞሪንጋን) መኖው ውስጥ ማስገባትን በተመለከተ፣ ሙከራዎቹ በአብዛኛው የተሠሩት በሌላው ዝርያ በሞሪንጋ ኦሌይፌራ እንጂ በኮንሶው ሽፈራው አይደለም። ቅጠሉን ከመኖው ከ10 በመቶ በታች አድርጉት፤ ፍሬው ግን ዓሣ ስለሚመርዝ በጭራሽ አይግባ። «ተክል ነው፣ ምን ይጎዳል» የሚለውን ፈጽሞ አልቀበልም። ብርብራም ተክል ነው፤ ፍሬው ውስጥ ባለው ሮቴኖን በሚባል መርዝ የተነሳ ዓሣ ለማጥመድ ሲያደነዝዙበት ኖረዋል።

ዓሣው ከተንቀጠቀጠ፣ ሚዛኑን ስቶ ከዞረ ወይም እኩለ ቀን ላይ እያለከለከ ወደ ላይ ከወጣ እርድ አትጨምሩ። መኖውን አቁሙ፣ ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ ግማሹን ቀይሩ፣ የአየር ፓምፑን በሙሉ አቅሙ ልቀቁ፣ ማጣሪያው ውስጥ መርዝ የሚመጥ የነቃ ከሰል (አክቲቬትድ ካርቦን) አስገቡ። ቤት ውስጥ ፍሊት ተነፍቶ ከሆነ ግን የፓምፑን መሳቢያ ቀድማችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ አለበለዚያ ፓምፑ ራሱ መርዙን ውኃው ውስጥ ይነፋዋል።