ከሆቴሉ የወጣሁት ጤፍ ከገዛሁ በኋላ ነው

በመጋቢት 2012 ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ ፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሰው ጠፋ። እኔም የምሠራበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜ ባዶ በር እጠብቅ ጀመር። ቀጥሎ ደመወዝ ለሁለት ወር ተቋረጠ። ባንክ የነበረኝ ገንዘብ ሃያ ቀን እንኳን አላሻገረኝም። ማታ ማታ የምሰፋው የሀገር ባህል ቀሚስ ባይኖር እናቴንና ልጄን ምን አበላቸው እንደነበር እንጃ።

ስፌቱን ዋና ሥራዬ ላደርገው የወሰንኩት ያኔ ነው፤ ሆቴሉን የለቀቅኩት ግን በጥር 2015 መጨረሻ።

መጀመሪያ የወር ወጪዬን በደብተር ጻፍኩ፤ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መብራትና ውኃ፣ በጠቅላላው 5,500 ብር። ለእናቴ ሳነብላት «የፋሲካው በግስ? እድሩስ? ማኅበሩ የሚደርስሽ ዕለትስ?» አለችኝ። በዓመት አንዴ የሚመጣውን ሁሉ ደምሬ ለ12 ሳካፍለው በወር 900 ብር ጨመረ። የስድስት ወር ስንቄ ስለዚህ 38,400 ብር መሆን ነበረበት።

ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዕቁብ ነው። በወር 1,500 ብር፣ 12 ሰው። የመጀመሪያው ዙር የስፌት መኪና ገዛልኝ። በሁለተኛው ግን የዕቁቡን ዳኛ መጨረሻ እንዲያደርጉኝ ለመንኋቸው። ግር አላቸው፤ ሰው የሚለምናቸው እንዲቀድም ነውና። ቀድሞ የበላ ግን ባለዕዳ ነው፤ ደመወዜን ልተው የተነሣሁ ሰው በየወሩ የምከፍለውን ከየት አመጣለሁ? ከእንግዶች የማገኘውን ጉርሻ ደግሞ የኤቲኤም ካርድ ባላወጣሁበት ሂሳብ አስቀመጥኩ።

ባንኩ የሚከፍለኝ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ የገበያው ዋጋ ግን ከዚያ በብዙ ይሮጣል። ስለዚህ በታኅሣሥ አዲሱ እህል ቅዳሜ ገበያ ሲገባ ከቁጠባው ቀንሼ ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዛሁ። ጤፍ ነቀዝ አይፈራም፤ ወደ ክረምቱ ሲቃረብ ዋጋው ሲወጣም እኔን አይመለከተኝም። ከሁሉም ይልቅ እንቅልፍ የሰጠኝ ይህ ነው፤ ከባንክ ደብተሩ ይልቅ ጆንያውን እያየሁ እረጋጋ ነበር።

መልቀቂያዬን በሕጉ መሠረት ከ30 ቀን በፊት አስገባሁ፤ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ተከፈለኝ። ይህን የማያውቁ ባልደረቦቼ ተናደው በአንድ ቀን ሲወጡ አይቻለሁ።

የተሳሳትኩት ጊዜውን ነው። የምሰፋው በአብዛኛው የሙሽራና የሚዜ ልብስ ነው። የጥር ሠርግ አለፈ፣ የካቲት 13 ዓቢይ ጾም ገባ፣ 55 ቀን ደግሞ የሚያገባ የለም። ዚፕ ስቀይርና ሱሪ ሳሳጥር ከረምኩ። ደግነቱ በጾም ሥጋና ቅቤ ስለማይገዛ ወጪውም አብሮ ጾመ። ያም ሆኖ ጥቅምት ላይ ብወጣ ኖሮ የጥምቀቱና የጥር ሠርጉ ትእዛዝ ይቀበለኝ ነበር።

የሆሳዕና ሰሞን ስልኬ መጮህ ጀመረ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሦስት ሙሽሮች ያዙኝ። ባንክ ስሄድ 17,000 ብር ቀርቶ ነበር፤ አንዱ ጆንያ ጤፍም አልተነካም።

ዘንድሮም ዕቁብ ላይ መጨረሻውን ጠየቅኩ። ዳኛው ሳቁና «ደግሞ ከምን ልትወጪ ነው?» አሉኝ።